አሥራ ሁለቱ ሎሚዎች ያልነገሩን ነገር

እስቲ አንድ የእንቁላል መያዣ ካርቶን አስቡ። በእንቁላሎቹ ፋንታ 12 ሎሚዎች ተደርድረውበታል። አንዱ ጎድጎድ ብሏል፣ አንዱ ቀልቷል፣ አንዱ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከአንዱ ፈሳሽ ይወጣል፣ የሌላው ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። እያንዳንዱ ሎሚ አንድ የጡት ካንሰር ምልክት ነው። ሥዕሉ «ሎሚዎቻችሁን እወቁ» የተባለው ዘመቻ መለያ ሲሆን፣ የሠራችው ኮሪን ኤልስዎርዝ ቦሞንት የምትባል ዲዛይነር ናት። በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን አዳርሷል። ምናልባት እናንተም ስልካችሁ ላይ አይታችሁት ይሆናል።

ዛሬ ይህንን ሥዕል እንገመግመዋለን። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሐኪም አይደለሁም። የምህንድስና ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የእኛ ሙያ ትልቁ ጣጣ ደግሞ እውነተኛውን ምልክት ከጫጫታ መለየት ነው። ሥዕሉንም የማየው በዚሁ መነጽር ነው፦ ማንቂያው ይሠራል ወይ? ከጮኸ በኋላስ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ምስጋናው። ብዙ ሰው የጡት ካንሰር ሲባል የሚያስበው እብጠት ብቻ ነው። ሥዕሉ ግን ቆዳው ሊጎደጉድ፣ የጡት ጫፍ ሊገባ፣ ቅርጽ ሊለወጥ እንደሚችል በአንድ እይታ ያሳያል፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም ይናገራል። እርቃን ስለሌለበት ደግሞ የትም ሊለጠፍ ይችላል። ለእኛማ ሎሚና ደረት የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ በጥምቀት የወደዳት ልጅ ደረት ላይ ሎሚ መወርወር የኛው ባህል ነው። «ጡት» የሚለውን ቃል እናቱ ፊት ለማንሳት ለሚያፍር ወጣት ሎሚ ጥሩ መግቢያ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት 12ቱም ሎሚዎች «አደጋ!» ይላሉ። ጤነኛ ሆኖ ነገር ግን የሚያስደነግጥ ሎሚ አንድም የለም። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ በተለይ በወጣቶች ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም። ስለዚህ የጎደሉትን ሎሚዎች እኔ ልጨምርላችሁ።

የመጀመሪያው ወር አበባ ከመምጣቱ በፊት የሚከብድ፣ የሚያም፣ ሲዳሰስ ጥራጥሬ እንደታሰረበት ከረጢት ጉርብጥብጥ የሚል ጡት ነው። ይህ ሆርሞን የሚያመጣው ለውጥ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ወር አበባው መጥቶ ሲያልፍ ይቀላል። ሁለተኛው ፋይብሮአዴኖማ ነው። ይህ በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ የሚታይ፣ ክብ ወይም ሞላላ፣ ብዙ ጊዜ የማያም እብጠት ነው። ሲነኩት ከጨርቅ ሥር እንዳለች ብይ ሸርተት ይላል። ሦስተኛው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ወይም ሲስት ነው፤ ይበልጥ የሚታየው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። አራተኛው የሚያጠባ ጡት ኢንፌክሽን ነው፤ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያማል፣ ትኩሳትም አለው። ካንሰር ባይሆንም ሕክምና ይፈልጋል፤ ከቆየ መግል ሊቋጥር ይችላል።

ወንዶችም ቆዩ፣ ገና አልጨረስንም። በጉርምስና ወቅት ከጡት ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ፣ ሲነኩት የሚያም ነገር በብዙ ልጆች ላይ ይወጣል። የሆርሞን ጨዋታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ወይም በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ታናሽ እህት ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የሴት ልጅ ጡት ማጎጥጎጥ ሲጀምር አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ በአንድ ወገን ብቻ የምትታየው ያቺ ጠጣር ነገር ብዙ ጊዜ ዕጢ ሳትሆን ራሱ ጡቱ ነው። ትንሽ የመጠን ልዩነትም በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ያለ ነው።

«ታዲያ ማስፈራራቱ ምን ይጎዳል? ሁሉም በየወሩ ራሱን ይፈትሽ» ትሉ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ተፈትኗል። በቻይና ሻንጋይ ከ266,000 በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጡታቸውን በሥርዓት እንዲፈትሹ በሚገባ ተማሩ፤ ሌሎቹ አልተማሩም። ውጤቱ በ2002 ታተመ። በጡት ካንሰር የሞቱት ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት 131 ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በተማሩት ቡድን ግን ካንሰር ያልሆኑ እብጠቶች እጅግ በዝተው ተገኙ፤ ብዙ ሴቶችም በከንቱ ለጭንቀትና ለናሙና ምርመራ ተዳረጉ። በእኛ ቋንቋ የማንቂያውን ስሜት ስትጨምሩት የሐሰት ጩኸቱ ጨመረ፣ የተረፈው ሕይወት ግን አልጨመረም። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበርም አማካይ ስጋት ላላቸው ሴቶች መደበኛ የራስ ፍተሻን መምከር አቁሟል።

ግን ተጠንቀቁ! ይህ «ጡታችሁን እርሱት» ማለት አይደለም። የራሳችሁን የተለመደ ሁኔታ እወቁ፣ ከዚያ የተለየ ነገር ስታዩ እርምጃ ውሰዱ ማለት ነው። ኢንጂነር ማሽኑ ደህና ሳለ የሚያሰማውን ድምፅ ካላወቀ ብልሽቱንም አይሰማም። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ደህና ሎሚ ቢኖር ኖሮ ይህንን ያስተምር ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ቀለም ነው። ቢጫ ሎሚ ላይ ቅላት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን «መቅላት» ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ጭራሽ ላይታይም ይችላል። ስለዚህ በዓይናችሁ ብቻ አትተማመኑ። ሙቀቱ፣ እብጠቱ፣ የቆዳው መወፈር ይበልጥ ይናገራሉ።

ሦስተኛው ጉድለት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ ሥዕሉ ማንቂያው ሲጮኽ ማቆሙ ነው። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰሮች ሁሉ የበዛው ነው፤ ብዙዎቹ ታካሚዎችም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ይህ ሁልጊዜ እብጠቱን ካለማየት አይመጣም። አይታው «አያምም፣ ስለዚህ ምንም አይደል» ብላ የምትቆይ አለች። አፍራ የደበቀች አለች። የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣች፣ ጠበል ብቻ ሞክራ ወራት ያለፏት አለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሕመም አደጋን አይለካም። የካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ሕመም ደግሞ ብቻውን ከሆነ የካንሰር ምልክት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

ታዲያ መቼ ነው መሄድ?

ወጣት ከሆንሽና ወር አበባ ሊመጣ ሲል አዲስ እብጠት ካገኘሽ፣ ሌላ ምልክት ከሌለ ወር አበባሽ መጥቶ እስኪያልፍ ጠብቀሽ እንደገና ማየት ትችያለሽ። ያኔም ካለ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ሳትጠብቂ ሂጂ፦
– ጠንካራና ከቦታው የማይነቃነቅ ወይም እያደገ ያለ እብጠት
– በብብት ሥር የወጣ እብጠት
– አዲስ የጎደጎደ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ
– በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ ወይም የማይድን ቁስል ያለበት የጡት ጫፍ
– ሳይጨመቅ የሚወጣ፣ በተለይ ደም ያለበት ወይም ከአንድ ጡት ብቻ የሆነ ፈሳሽ
– በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የመጣና የማይጠፋ እብጠት
– የጡት ኢንፌክሽን ተብሎ ታክሞ ያልዳነ እብጠት

ጡቱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሂጂ። ወር አበባዋ የቆመ እናት ወይም አክስት አዲስ እብጠት ካገኘች «ልጠብቅ» የሚባል ነገር የለም። ለአዋቂ ወንድም እንደዚያው፤ ወንዶችም በጡት ካንሰር ይያዛሉ።

እዚያ ስትደርሱስ ምን ይደረጋል? ሐኪሙ ይዳስሳል፣ ምስል ይታያል፣ ካስፈለገ ናሙና ይወሰዳል። ለወጣቶች መጀመሪያ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ነው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢም እንዲሁ ነጭ ነው። በነጭ ጤፍ ውስጥ ነጭ አሸዋ እንደመልቀም ማለት ነው። አልትራሳውንድ ግን የድምፅ ሞገድ ልኮ ማሚቶውን ያዳምጣል። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ውስጡ ማሚቶ ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ድምፁ በፈሳሹ ውስጥ ብዙም ሳይዳከም ስለሚያልፍ ከጀርባው ያለው ሥጋ ይደምቃል። ፋይብሮአዴኖማ ብዙ ጊዜ ጠርዙ የተስተካከለ ሞላላ ነው። ይህንን ልዩነት ጣት አያውቀውም። ስለዚህ «ብይ ይመስላል» ብላችሁ በራሳችሁ ፍርድ አትዝጉት። ናሙናም አያስፈራችሁ፤ መርፌ ካንሰር ያልሆነውን ካንሰር አያደርገውም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሥዕሉ ግሩም ማንቂያ ነው፤ አጋሩት። ስታጋሩት ግን ከሥሩ ሁለት ነገር ጻፉበት። አንደኛ፣ «አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም»፤ ይህ ለመመርመር ድፍረት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ በአካባቢያችሁ ያለውን የጤና ጣቢያ ስምና የሚከፈትበትን ሰዓት። እናታችሁ ወይም እህታችሁ ብቻዋን መሄድ ከፈራች ደግሞ አብራችኋት ሂዱ። ሎሚው ያን አያደርግላትም።