የጉዛራ ግንብ

ቆላውን ሰንጥቆ የሚወርደው ዓባይ ከጣና ሐይቅ እንደሚነሣ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ዳሩ ግን ከዚያው ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ከኮረብታ ራስ ላይ ሆኖ ውሃውን ቁልቁል የሚመለከተውን የጉዛራን ግንብ የሚያስታውሱ እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሳነጹት በትውፊት የሚነገርለት ይህ ሕንፃ፣ ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወር የነበረው የድንኳን ቤተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ሥር መስደድ መጀመሩን የሚያበሥር መቅድም ነውና፣ ክብሩ ከስፋቱ ይልቃል። ባለ ደርብ የሆነው አካሉና ከማዕዘኑ የተነሡት ክብ ግንቦቹ ኋላ በፋሲል ግቢ በምልዓት የምናየውን ጥበብ አስቀድመው ያመለክታሉ።

ጣሪያው ቢወድቅ፣ ቅጥሩም ቢፈርስ፣ የአናጺዎቹ ትጋት በቀሪው ግድግዳ ላይ ዛሬም ይነበባል። ስለዚህ የጎንደርን ግርማ የሚያደንቅ ሁሉ ለጉዛራም ተገቢውን ክብር ሊሰጥ፣ የቆመውንም ቅሪት ለመጪው ትውልድ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ የፍጻሜውን ውበት እያመሰገኑ ጅማሬውን መዘንጋት ፍርደ ገምድልነት ነውና።