ስለ ኳርክና ስለ ግንብ ድንጋይ ምሳሌ

ኳርክ በትምህርት ላይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በግንብ ድንጋይ ይመሰላል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ቤት እንደሚሆን ሁሉ፣ ሦስት ኳርኮችም ተያይዘው ፕሮቶን ይሆናሉ ይባላል። በዚህ አጭር ሐተታ ምሳሌውን ልንመረምረው አስበናል። ምክንያቱም ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህንኑ ስናስረዳ፣ አንድ ልጅ፣ «ቤት ሲፈርስ ድንጋዩ ለየብቻው ይገኛል፤ ታዲያ አንዱን ኳርክ ነጥሎ ያወጣ ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። በቂ መልስ አልሰጠነውም።

በርግጥ ምሳሌው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 መሪ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ የኳርክን ሐሳብ አቀረቡ። ከ1968 ጀምሮም በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ኤሌክትሮኖችን በፕሮቶን ላይ በመወርወር የተደረገው ሙከራ፣ በውስጡ ነጥብ መሰል ጥቃቅን ክፍሎች መኖራቸውን አመለከተ። በፕሮቶን ውስጥ «አፕ» የተባሉት ሁለቱ ኳርኮች እያንዳንዳቸው +2/3፣ «ዳውን» የተባለው አንዱ −1/3 የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው፤ ድምሩም +1፣ ይኸውም የፕሮቶኑ ሙል ነው። እስከዚህ ድረስ የግንበኛው ቆጠራ አልተሳሳተም።

በክብደት በኩል ግን ምሳሌው ይፈርሳል። በዋግ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ክብደቱ በይበልጥ የድንጋዩ ነው፤ ጭቃው ማያያዣ ነው። የሦስቱ ኳርኮች የራስ መጠነ ቁስ ቢደመር ግን ከፕሮቶኑ መጠነ ቁስ ከመቶ 1 እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የኳርኮቹ እንቅስቃሴና አንድ ላይ የሚይዛቸው የብርቱው ኃይል ጉልበት ነው። ጭቃው ከድንጋዩ በለጠ እንደ ማለት ነው። እንዲሁም አንዱን ኳርክ ጎትተን ልንለየው ብንሞክር፣ የምናፈሰው ጉልበት አዲስ ኳርክና ፀረ ኳርክ ይወልዳል እንጂ ብቸኛ ኳርክ አይሰጠንም።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ ትክክለኛ ነበረ። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ስለ ሆነ፣ እንደ ግንብ ቤት ድንጋይ በድንጋይ አይፈታም። ስለ ኳርክ አለመነጠል ይህ የተሻለ ምሳሌ ይመስለናል። ሆኖም አለቱ ወጥ ነው፤ በፕሮቶን ውስጥ ግን ክፍሎች አሉ። ስለዚህ ይህኛውም ምሳሌ ወሰን አለው።

መምህራንንና ጓደኞቻችንን የምንለምነው፣ ምሳሌ ሲሰጡ የሚያበቃበትንም ወሰን አብረው እንዲያስተምሩ ነው። አለዚያ በደንብ አስቦ የጠየቀው ልጅ፣ ትምህርቱ እንዳልገባው ተቆጥሮ ይቀራል።