ዱካውና ባለዱካው

እንግሊዛዊው ቀራጺ ሪቻርድ ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በሣር ሜዳ ላይ ደጋግሞ በመመላለስ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ፤ ፎቶግራፍ አንስቶም ለጥበብ ሥራነት አበቃው። የሰው እንቅስቃሴ ብቻውን ቅርጽ ሊሆን እንደሚችል ማሳየቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በፎቶግራፉ ውስጥ ዱካው እንጂ ባለዱካው የለም።

በቆቦና በራያ ቆላ ምድር መመላለስ የኑሮ ግዴታ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙዎች ለቀናት በእግራቸው ተጉዘው ኮረም ደረሱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የሞሐመድ አሚን ካሜራ ለዓለም ያሳየው ግን የጉዞውን መጨረሻ፣ በረሀብ የወደቀውን አካል ነበር። እዚህ ደግሞ ባለዱካው አለ፤ ዱካው የለም። ምስሉ የዓለምን ሕዝብ ለእርዳታ አነሣስቷል፤ ስለ ራያ ሰው የተናገረው ግን ግማሹን ነው። ያ አካል ያርሳል፤ ማሽላ ያጭዳል፤ በሠርግ ይጨፍራል።

እንግዲህ የፎቶግራፍ ጠበብቶቻችን ተግባር ሁለቱን ማገናኘት፣ ሰውን ከነጉዞው ማሳየት ነው።