ሁኔታው የተዘነጋ ቀመር፦ ስለ ፊዚክስ አስተማመራችን አጭር ትችት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስን የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የማይረሳው አንድ ቀመር አለ። ከቆመበት የተነሣ አካል ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ከሽምጠጣውና ከርቀቱ ብዜት እጥፍ ጋር እኩል ነው ይላል። ሽምጠጣ ስል ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን ማለቴ ነው። ቀመሩ እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ሽምጠጣው ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይለወጥ ሲዘልቅ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትችት በቀመሩ ላይ ሳይሆን፣ ይህችን «ብቻ» ጥለን ቀመሩን በምናስተላልፍበት ልማዳችን ላይ ነው።

እዚህ ኧርቪንግ፣ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ አንድ ወጣት ለኮሌጅ ፈተና ሲዘጋጅ አብሬው ተቀምጬ ነበር። ጥያቄው ስለ ላስቲክ ወንጭፍ ነው። ላስቲኩ እስከ መጨረሻው ሲለጠጥ ድንጋዩን የሚገፋው ኃይል ታላቅ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ፊት በተጓዘ መጠን ኃይሉ በእኩል ደረጃ እየቀነሰ፣ ላስቲኩ ሲላላ ይጠፋል። ወጣቱ የመነሻውን ታላቅ ሽምጠጣ ወስዶ በቀመሩ ውስጥ ከተተው። ያገኘው ፍጥነት ከትክክለኛው በ41 በመቶ በለጠ። ምክንያቱን ብጠይቀው «መምህራችን ያስተማሩን እንዲህ ነው» አለኝ። መልሱ እኔኑ ወጋኝ፤ በወጣትነቴ በአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ሳስተምር እንዲሁ አድርጌያለሁና።

ትክክለኛው መንገድ ሩቅ አይደለም። ርቀቱን በጥቃቅን ክፍሎች ብንሸነሽነው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሽምጠጣው እንዳልተለወጠ ልንቆጥር እንችላለን። ከዚያ የሁሉንም ድርሻ መደመር ነው። ሽምጠጣን ከርቀት ጋር በሚያሳይ ግራፍ ላይ ይህ ድምር ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ይሆናል፤ የስፋቱም እጥፍ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነው። ለማይለወጥ ሽምጠጣ ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው፤ ለወንጭፉ ግን ሦስት ማዕዘን፣ ማለትም ግማሹ። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፕሪንኪፒያ» አንደኛ መጽሐፍ፣ በ39ኛው ሐሳብ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣንና የሚወርድን አካል ፍጥነት ያገኘው በዚሁ በስፋት ዘዴ ነው።

ጉዳዩ ከወንጭፍ አያልፍም የሚል ካለ ወደ እንጦጦ ይመልከት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ፣ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ነበር። በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ የመሬት ስበት የሚያስከትለው ሽምጠጣ 9.8 መሆኑ ቀርቶ ወደ 8.2 ይወርዳል። ከዚያ ከፍታ የተለቀቀ አካል፣ የአየርን ተቃውሞ ብንተው፣ በሸመደድነው ቀመር በሰከንድ 3,430 ሜትር ፈጥኖ ምድርን ይመታል፤ በትክክለኛው ስሌት ግን 3,280። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። ስበት አይለወጥም ካልን፣ ወደ ላይ የተወረወረ ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢፈጥን፣ ተመልሶ ይወድቃል። እውነታው ግን አየሩ ባያግደው በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር የተወረወረ አካል አይመለስም። እንግዲህ ስሕተቱ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የሐሳብም ነው።

«ካልኩለስ ያልተማረ ይህን እንዴት ይረዳል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በግራፍ ወረቀት ላይ ካሬዎችን መቁጠር የሚችል ተማሪ ይረዳዋል። የችግሩ ሥር ሌላ ይመስለኛል። በመጽሐፎቻችን ቀመሩ በምልክት፣ ሁኔታው ግን በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ቋንቋው ያልገባው ተማሪ ምልክቱን ይዞ ዓረፍተ ነገሩን ይተዋል። መምህሩ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በሚገባው ቋንቋ ቢያስረዳው የጎደለው በተሟላ ነበር።

ወጣቱ ሦስት ማዕዘኑን በራሱ እጅ ሠርቶ መልሱን አርሟል። እኔ በዚያን ጊዜ ያስተማርኋቸው ልጆች ግን ዛሬ አንዳንዶቹ መምህራን ሆነው ይሆናል። ይህ ትችት ከሁሉ አስቀድሞ የተጻፈው ለእነርሱ ነው።