«ብረት» እና «ክምችት»፦ በአንድ የማዕድን ፍለጋ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

በአፈር ናሙና አማካይነት የማዕድን ክምችት ስለሚፈለግበት ስልት የሚያስረዳ አንድ የትርጉም ጽሑፍ መርምረናል። ዐረፍተ ነገሩ የቀና ነው፤ «ናሙና» የሚለውን ቃል በአንድ ፍቺ ጸንቶ መጠቀሙም ያስመሰግነዋል። ቅሬታችን በሁለት ቃላት ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ብረት» ነው። ተርጓሚው ቃሉን መዳብንና ዚንክን ለሚያጠቃልለው የወል ስምም፣ ለራሱ ለብረትም ያውለዋል። ናሙና በአብዛኛው የሚወሰደው ከላይኛው አፈር ሥር ካለው ንብርብር ነው፤ በዚያ የተጠራቀመው የብረት ኦክሳይድ መዳቡን አጣብቆ ስለሚያስቀር። በትርጉሙ ግን ብረት ብረትን ይይዛል ተብሎ እናነባለን! «ብረታ ብረት» የቀጥቃጭ ቤትንና የፋብሪካን ምርት ስለሚያስታውስ፣ «ሜታል»ን መዋስ ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛው ይከፋል። በአንድ አካባቢ አፈር ውስጥ መዳብ ከሚሊዮን እጅ 30 እጅ ሆኖ ሳለ በአንድ ስፍራ 300 ቢደርስ፣ ተርጓሚው ይህን «ክምችት» ይለዋል። የተገኘው ግን ምልክት ነው። አፈሩ ከዳገት ተንሸራቶ ወይም በጎርፍ ተግዞ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ክምችት መኖሩ የሚረጋገጠው ከሥር ያለው ዐለት ተቆፍሮ ሲመረመር ነው። ይህን ትርጉም የሚሰማ የቦታው ገበሬ ማዕድን በደጄ ወጣ ብሎ ቢያምን፣ መሬቴን ልነጠቅ ነው ብሎም ቢሠጋ አይፈረድበትም። «ኢልማዳዊ መጠን» የሚል ስያሜ ከግእዝ ማውጣት ይቻል ነበር፤ የመስክ ሠራተኛው አፍ ግን የሚለምደው አይመስለንም። «ያልተለመደ መጠን» ይበቃል።