የፌድር እሳት
በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ፍቅርን በእሳት መመሰል የተለመደ ወግ ነበር፤ ከመደጋገሙ የተነሣ ሙቀቱ የጠፋ። ዣን ራሲን እ.ኤ.አ. በ1677 ፓሪስ ውስጥ ለመድረክ ባበቃው «ፌድር» ይህንኑ ያረጀ ዘይቤ አንሥቶ ነፍስ ዘራበት። ፌድር የፀሐይ አምላክ የልጅ ልጅ ናት። የእንጀራ ልጇን ኢፖሊትን ወድዳ ውስጧ ሲነድ፣ አያቷ ከሰማይ ሆኖ ያያታል። ስለዚህ ብርሃን ለእሷ ፍርድ ነው፤ መደበቂያ ጨለማ ትሻለች፣ አታገኝም። የአውሬ ምሳሌም እንዲሁ ነው፤ ራሷን አውሬ ብላ ትረግማለች፣ በኋላ ግን እውነተኛ አውሬ ከባሕር ወጥቶ የኢፖሊትን ፈረሶች ያስበረግጋል። ራሲን እጅግ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምሳሌው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ድርጊት ይሆናል። ከፈረንሳይ ተውኔቶች አንድ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ያንብብ።