ሚዛንና ቴፒ ላይ ሥጋ ቤት ሲመረጥ

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ገብታችሁ ጥብስ ካማራችሁ፣ ከምድጃው በፊት የተሰቀለውን ሥጋ ተመልከቱ። እሳትና ሚጥሚጣ ብዙ ጉድለት ይሸፍናሉ።

አገሩ ዝናባምና እርጥብ ነው፤ ቴፒ ደግሞ ከሚዛን ዝቅ ብላ ትሞቃለች። በዚህ አየር ሥጋ ቶሎ ስለሚበላሽ መቼ እንደታረደ ጠይቁ። አመሻሽ ላይ መስቀያው የተራቆተ ቤት ብልቱ ሁሉ እንደተሰቀለ ካመሸው ይበልጣል። ቡና በሚለቀምባቸው ወራት ነጋዴውና ሾፌሩ ስለሚበዛ ሥጋ አያድርም። ሐሙስ ግን ተጠንቀቁ፦ ረቡዕ በጾም ምክንያት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ገበያ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከማክሰኞ የተረፈው ሐሙስ ጠዋት ሊቀርብላችሁ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የምትፈልጉ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሂዱ።

ጥሩ ሥጋ የተቆረጠበት ፊቱ ደረቅ ያለ፣ ቀለሙም ቀይ ነው። ውኃ የሚያንጠባጥብ ወይም እጅ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ውጡ። ጮማው ቢጫ ቢል አትደንግጡ፤ ሣር የበላ፣ ዕድሜው የገፋ ከብት እንዲያ ነው። ፄፄ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ የቆላውን ከብት ስለሚያከሳ የሰባ በሬ እዚህ እንደ ደጋው በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ እኔ ከጮማው ይልቅ ቆራጩን እመዝናለሁ፦ ጅማቱን ገፎ፣ የሥጋውን ክር አቋርጦ ሲቆርጥ ካየሁ እቀመጣለሁ።

ጥብሱ ግራጫ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ከመጣ፣ መጥበሻው ሳይግል ሥጋው በዝቶበታል። ዝልዝል የሚያውቅ ቤት ነበልባሉ ወድቆ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይታገሣል። ነበልባል ላይ የተጣለ ዝልዝል ውጭው ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ የጮማው ጭስም ያመርረዋል።

እኔ የማልደራደርበት ግን ቅመሙ ነው። ኮረሪማ በዚሁ ደን የሚበቅል ነው፤ ጥምዝም ከቤንችና ከሸካ ደን ይለቀማል፤ ቴፒ ላይ ቅመማ ቅመም የሚያጠና የምርምር ማዕከል አለ። እንዲህ ባለ አገር ሽታው የተነነ፣ ከሩቅ ተገዝቶ የከረመ ሚጥሚጣ የሚያቀርብ ባለቤት ለእንግዳው አልተጨነቀም። ሚጥሚጣውን በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱት፤ ኮረሪማው ከበርበሬው ማቃጠል ቀድሞ አፍንጫ ላይ መድረስ አለበት። ቆጮ እንዳላቸውም ጠይቁ። እንጀራ የትም ታገኛላችሁ፤ ትኩስ ቆጮ ከጥብስ ጋር የሚያቀርብ ቤት ግን የአገሬው ሰው ራሱ የሚመገብበት ነው።

ጥሬ ሥጋ ለምትወዱ አንድ ነገር ልበል። የኮሶ ትል ዕጭ በደንብ በበሰለ ሥጋ ውስጥ ይሞታል፤ በሚጥሚጣም ሆነ በአረቄ አይሞትም። የቄራውን ማኅተም ፈልጉ፤ ማኅተም የሌለበትን ሥጋ ጥብስም ቢሆን አትዘዙ።